ሦስተኛው ሽምግልና

ጋሩማ ዓይኑን ሲገልጥ ዮሚፍ የእሱን የጋሩማን ብቸኛ ነጭ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ከአከራይዋ በተዋሰው የከሰል ካውያ እየተኮሰ መዝሙር ያንጎራጉር ነበር። ከፍቅረኛው ተለይቶ ሳምንታት ሙሉ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ የከረመ ሰው አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ ሸሚዝ ሲተኩስ ማየት ጓደኛን ደስ ሊያሰኘው ይገባ ነበር። ጋሩማ ግን ደስ አላለውም። ከምንጣፉ ላይ ቀና ብሎ፣ መሬት መተኛት ያደነደነውን ጀርባውን እያሸ፣ ምን ተገኘ ብሎ ጠየቀ። ዮሚፍ የሸሚዙን ክንድ ገልብጦ እያስተካከለ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው፣ «ዛሬ እኮ ሦስተኛው ነው» አለ።

ሦስተኛው ማለቱ ሽምግልናውን ነው። ወደ ሊሊሴ ቤት ሽማግሌ መላክ ከተጀመረ ቆይቷል። መጀመሪያ ሲሄዱ አባቷ ኦቦ በርናባስ «ልጅቱ ገና ናት» ብለው መለሷቸው፤ ሁለተኛ ሲሄዱ ደግሞ «ዘመድ እናማክር» ብለው መለሷቸው። ይህ ማንንም አያስከፋም። ልጁን የሚያከብር አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እሺ ካለ ልጅቱ ቤት አስቸግራ ኖሯል ይባላል። በሦስተኛው ግን ሽበት ያለው ሰው ከደጅ ባዶውን አይመለስም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደኅና ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ግን ሊሊሴ ራሷ፣ በገዛ አፏ፣ ዮሚፍን ጠርታ «እኔና አንተ ጨርሰናል፤ ሽማግሌዎቹን መልስልኝ» አለችው። ዮሚፍ አለቀሰ፣ ምግብ ተወ፣ ሥራ ቀረ። ከዚያ አጎቱ ኦቦ ዋጋሪ ጉዳዩን ሰምተው ሳቁበት። ጨዋ ልጅ ናት ማለት ነው አሉት፤ አባቷ ሁለቴ እምቢ ሲሉ እሷ ዝም ብትል ነበር የሚያሳፍረው፤ በመጀመሪያ ኳኳታ የሚከፈት በር ባለቤት የለውም። ዮሚፍ ይህን ሰማና ዳነ። መድኃኒቱ ከበሽታው የባሰ መሆኑ የታየው ለጋሩማ ብቻ ነበር።

የጋሩማ የኪራይ ክፍል ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር፣ በወይዘሮ ሸዋጌጥ ግቢ ከውኃ ታንከሩ ጎን ያለችው ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከበሩ ጀርባ የባጃጅ መለዋወጫ የታጨቀበት ጆንያ። ዮሚፍ ከሚሠራበት የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጀርባ የራሱ ክፍል አለችው፤ ግን ብቻውን ሲሆን ግድግዳው ያናግረኛል ብሎ፣ ሊሊሴ የተለየችው ዕለት «ዛሬን ብቻ» ሲል መጣና አልጋውን ያዘ። ሐዘንተኛ ነውና መሬት ተኛ አይባል። የጋሩማን ሳሙና ጨረሰ፣ የጋሩማን ነጠላ ጫማ በጠሰ፣ እንቅልፍ ሲወስደው ጠብቆ እየቀሰቀሰ «ትመለሳለች አይደል?» ይለዋል። ጋሩማም ዓይኑን ሳይገልጥ «ይሆናል» ይለዋል። ይሆናል፤ እግዜር ያውቃል፤ ማን ያውቃል። እነዚህን ቃላት ከርኅራኄ ነው የምናገራቸው እያለ ራሱን ያጽናናል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የሚናገራቸው እንቅልፉን ፈልጎ ነው። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ደግሞ በየማለዳው በር ላይ ይጠብቁታል። ሲናገሩ ፊት ለፊት አይደለም፤ የሸዋ ሰው ናቸው። ውኃ ሲቀዱ ለባልዲው እየነገሩ፣ እንዲያው ዘንድሮ አንድ ሰው አከራይቼ ሁለት ሰው የሚታጠበው ምን ጉድ ነው ይላሉ። የዛሬውን ካውያም ያዋሱት እንግዳው ዛሬ ሙሽራ ይሆናል፣ ሙሽራ ደግሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል ብለው ነበር።

ሽማግሌ ወትሮ በማለዳ ነው የሚሄደው። ዛሬ ግን ኦቦ ዋጋሪ ጠዋት ለቅሶ ስላለባቸው ነገሩ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተዛውሯል፤ የሚወስዳቸውም የጋሩማ ባጃጅ እንዲሆን ማንም ሳይጠይቀው ተወስኗል። ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቷል። ማደያው ፊት ባጃጆች ተሰልፈው አድረዋል፤ ጋሩማ ወረፋውን ትቶ በሃይላንድ ከሚቸረችሩት አንዱ ዘንድ ቆመና የትናንቱን ዋጋ ጠራ፤ ሻጩ የጥንት ታሪክ እንደ ሰማ ሰው ፈገግ አለ። ቀድቶ ሲጨርስ ዮሚፍን ፀጉር ቤት በር ላይ አወረደው። ከአጠገቡ ሲነሣ የግራ ክንዱ ቀለለው። የባጃጅ የፊት ወንበር ለአንድ ሹፌር የተሠራ ነው፤ ዮሚፍ ግን ሥራ ካቆመ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ተጣብቆ ስለሚውል፣ ጋሩማ ማርሽ በለወጠ ቁጥር ክርኑ የጓደኛውን የጎድን አጥንት ይመታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የክርኑ አልነበረም። ዮሚፍ ለተሳፋሪው ሁሉ ያወራል።

ሆስፒታሉን አልፎ ሲወርድ ሊሊሴ እጇን አነሣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋውኗን አጥፋ በፌስታል ይዛለች። ገብታ ስትቀመጥ ወዴት እንደሆነች አልተናገረችም፤ ዝም ብለህ ንዳ ብቻ አለችው። በነዳጅ ቀልድ የለም ሊላት ፈልጎ ተወው። በመስታወት ሲያያት ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

እናቷ ከትናንት ጀምራ ሳሎኑን ስታጸዳ ነው፤ ብርጭቆ ከጎረቤት ተውሳለች፣ አንጮቴ ስትልጥ አምሽታለች። ሊሊሴ አባቷን ለብቻቸው ይዛ አልፈልገውም ብላቸዋለች። አባቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጭነው፣ በፍቅር፣ እናትሽም እኮ እንዲሁ ብላ ነበር አሏት። ዞር ብላ እናቷን ስታይ እናቷ አላየቻትም፤ መላጧን ቀጠለች። ሊሊሴ ይህን ሁሉ ስትናገር ድምጿ አልጨመረም አልቀነሰም፤ የመድኃኒት አወሳሰድ የምትነግረው ነው የሚመስለው።

«እሱ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የኔን ቃል ለራሴ ሲተረጉምልኝ ነው የኖረው» አለች። «ደክሞኛል ስለው ‹አንቺ ጠንካራ ነሽ› ይለኛል። ቃሪያ አልወድም ስለው ‹ስትጫወት ነው› ብሎ ከነቃሪያው ያዝዝልኛል። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ከገቡ አባቴ እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ እምቢ ብል አባቴን በሽበት ፊት ዋሾ አደረግሁት፤ ከእንግዲህ ቀና ብሎ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። እሺ ብል ደግሞ እኔ አለቅሁ። የተላከን ሽማግሌ መመለስ የሚችለው ላኪው ብቻ ነው። አንተን ይሰማሃል።»

ጋሩማ ዮሚፍ ማንን ሰምቶ ያውቃል ሊል ነበር። እነግረዋለሁ አላት። ከመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ስትወርድ ጎንበስ ብላ በጎን አየችውና፣ «‹ይሆናል› አትበለው ብቻ» አለች። ከየት ሰማሽ አላት። ዮሚፍ በየማለዳው በስልክ ይጽፍላታል፤ ጋሩማም ይሆናል ብሎኛል፣ ጋሩማም ተስፋ አለ ብሎኛል፣ እያለ። ለካ ሳያውቀው ምስክር ተደርጎ ኖሯል። ጋሩማ ከአፍረቱ የተነሣ ሒሳብ መቀበሉንም ረሳ፤ ቤንዚኑ የገባበትን ዋጋ ያስታወሰው መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ ነው።

ዮሚፍ ከፀጉር ቤት የወጣው በጣም ተላጭቶ፣ በጣም ሽቶ ተቀብቶ ነው። ከጎኑ ተጣብቆ ተቀመጠ። ጋሩማ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊጀምር ሲል አንዲት ጎመን ነጋዴ ከነጆንያዋ ገባች፤ ከኋላዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገባ። በኦሮምኛ ሰላምታው ተጀመረ፤ አካም ቡልተኒ፣ ነጋ፤ ቀጥሎ ቤንዚን ተገኘ ወይ፣ ጎመን ስንት ገባ። ከዚያ ነጋዴዋ የዮሚፍን ሽቶ አሽትታ፣ ዛሬ የማን ሰርግ ነው አለች። ይህችን ነበር የሚፈልጋት። ገና ቁልቁለቱ ሳያልቅ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሁለቱን ሽምግልና፣ የሊሊሴን «ጨርሰናል»፣ የአጎቱን ትርጉም። ነጋዴዋ በኦሮምኛ ምርቃቷን አወረደችው። ተማሪው፣ ሥነ ልቦና ነው የማጠናው ብሎ፣ ሴት ልጅ በምትፈልገው ነገር ላይ ነው የምታመነታው አለ። ጋሩማ ጉድጓዱን እያየ ገባበት። ነጋዴዋ ጎመኗን አቅፋ፣ ዓይንህ የት ነው አንተ ልጅ ብላ ተቆጣችው።

ከገበያው ወዲያ ነጠላዋን አገጯ ድረስ የተከናነበች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ብቻዋን ተሳፈረች። ብርቄ ነው ስሟ፤ ከጊዳ አያና ከነቤተሰቧ ተፈናቅላ ከመጣች ወዲህ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ትኖራለችና ጋሩማ ያውቃታል። ዮሚፍ ለእሷም ጀመረላት። ሴትዮዋ መንገዱን እያየች ሰማችው፣ አላቋረጠችውም፣ አልመረቀችውም። መውረጃዋ ሲደርስ አንድ እግሯን መሬት አሳርፋ ቆመችና፣ «እኔም ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬ ነበር፣ ልጄ» አለች፤ «የሰማኝ የለም። ሠላሳ ዓመት ኖርኩ።» ነጠላዋን መልሳ ሄደች። ጋሩማ መንዳቱን ረስቶ ከኋላዋ ሲያይ ቀረ። ዮሚፍ ጎኑን ጎሰመው። ፊቱ በርቷል።

«ሰማሃት? ሠላሳ ዓመት!»

ጋሩማ ባጃጁን ከአንድ ሻይ ቤት አጥር ጥግ አስጠጋና አቆመ። ከዚያ ሊሊሴን ማግኘቱን፣ አብራው መሳፈሯን፣ አልፈልገውም ማለቷን፣ ሽማግሌዎቹን ይመልስልኝ ማለቷን፣ አንድም ሳይጨምር አንድም ሳይቀንስ ነገረው። ዮሚፍ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ግን የጠየቀው፣ ምን ለብሳ ነበር ብሎ ነው። ቀጥሎ፣ ከስቻለሁ ብላሃል ወይ። ጋሩማ ቃሏን ደገመለት። ዮሚፍ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ እንደሚያባብለው ሆነና፣ «ላንተማ ምን ትበልህ፣ ያ ጋሩማ? ጓደኛዬ ሆነህ ‹እወደዋለሁ› ትበልህ?» አለው። ደግሞም፣ አንተ እኮ ነህ ትመለሳለች ያልከኝ አለው። ጋሩማ ትመለሳለች አላልኩም፣ ይሆናል ነው ያልኩት አለ። ዮሚፍ ልዩነቱ ምንድን ነው ብሎ ከልቡ ጠየቀው። ሻይ አዘዙ። ዮሚፍ ከብዙ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቦንቦሊኖ በላ፤ ሲበላ ማየትም አንድ ነገር ነው፤ ሞቶ እንደ ተነሣ ሰው ነው የሚያኝከው። ጋሩማ ከፊቱ ተቀምጦ ሲያየው፣ በልጅነታቸው ወንዝ ሲሻገሩ ጫማውን ለእሱ አስይዞ በባዶ እግሩ የሚሄደው ዮሚፍ ትዝ አለውና ቁጣው መሃል ላይ ሐዘን ገባበት። በዚህ ደግሞ የባሰ ተቆጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ከኦቦ ዋጋሪ ደጅ ደረሱ። ኦቦ ዋጋሪ ጡረታ የወጡ የሥራ መሪ ናቸው፤ ከለቅሶው መልስ ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም። አብረዋቸው ጎረቤታቸው አቶ ሀብተጊዮርጊስ አሉ፤ አባታቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ ነጋዴ የሆኑ፣ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው በሁለቱም ቋንቋ የሚቀልዱ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ናቸው፤ ወደ የትኛው ቤት ሽምግልና ቢሄዱ እሳቸው ይጠራሉ፣ ምክንያቱም ጢማቸው ከሁሉ ይነጣል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ምሳ አለመብላታቸውን አስታወቁ፤ ሦስተኛው ላይ ምግብ ስለሚቀርብ ሆዳቸውን ባዶ አቆይተዋል። ሦስቱ ከኋላ ተጣበው ተቀመጡ፤ ከዘራዎቻቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ፤ ኦቦ ዋጋሪ ከአጥሩ ሥር ለምለም ሳር ነጭተው በእጃቸው ያዙ። ላኪ ከተላኪ ጋር አይታይም። ዮሚፍ ግን እስከ መታጠፊያው ብቻ ብሎ ከጋሩማ ጎን ተለጠፈ። በመንገድ ላይ አጎትየው ለሦስተኛ ጊዜ የሚባለውን ንግግር በልባቸው ይለማመዱ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ይታያል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሸራው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ወደቀ።

መታጠፊያው ላይ ጋሩማ ባጃጁን አቆመ። ዮሚፍ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክሎ ሊወርድ ሲል ሞተሩን አጠፋው። ዝናቡ ይሰማ ጀመር።

«ዮሚፍ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ጋሩማ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ ነው። «ልጅቷ የእውነቷን እምቢ ልትልህ ብትፈልግ፣ በየትኛው ቃል ትበልህ?»

ዮሚፍ ሊስቅ ሞከረ።

«ጨርሰናል አለችህ፤ ወግ ነው አልክ። ስልክህን አላነሣ አለች፤ ዓይን አፋር ናት አልክ። ለኔ ነገረችኝ፤ ለጓደኛ እንዴት ትናገር አልክ። ዝም ብትል ደግሞ እሺ ማለቷ ነው ልትል ነው። እኔ ቃሉን አላውቀውም። አንተ ካወቅኸው ንገረኝና ሄጄ ልንገራት፤ ትበለውና ትገላገል።»

ከኋላ ኦቦ ዋጋሪ ከዘራቸውን በብረቱ ላይ ኳ አደረጉና፣ ሃዬ፣ ጎበዝ፣ አሉ፤ ሚዜ እንዲህ ነው፤ እሱም በወጉ መከላከል አለበት። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሳቁ። ጋሩማ ግንባሩን በመሪው ላይ ሊያኖረው ምንም አልቀረውም። ጆሯቸው የደከመው አዛውንት በሳቁ ነቅተው ደረስን ወይ አሉ። የመለሰላቸው የለም፤ ምክንያቱም ዮሚፍ አልሳቀም። በሕንፃ መሣሪያ መደብሩ መደርደሪያ ላይ አንድ ዕቃ ሲፈልግ እንደሚያደርገው፣ ዓይኑን ከላይ እስከ ታች እያንቀሳቀሰ ውስጡን ሲበረብር ጋሩማ በጎን ያየዋል። የሊሊሴን ቃላት አንድ በአንድ እያነሣ እያየ መልሶ የሚያስቀምጥ ይመስላል። ዝናቡ ሸራውን መምታት ጀመረ። አንዲት ዶሮ ከባጃጁ ሥር ገብታ ተጠለለች። ዮሚፍ በመጨረሻ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለጋሩማ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ፣ «የለም» አለ።

ከዚያ ወረደ። በአጎቱ በኩል ዞሮ በዝናቡ ቆመ። የጋሩማ ነጭ ሸሚዝ ወዲያው ትከሻው ላይ ተጣበቀ።

«ወሲላ፣ እንዳትገቡ» አለ አጎቱን። «እኔ… እኔ ነኝ የተውኳት።»

ጋሩማ ጆሮውን አላመነም። ቀኑን ሙሉ እየጎተተ ከእውነት ደጅ አድርሶት፣ ሰውዬው በመስኮት ዘለለ። ዞሮ ሊያጋልጠው ነበር፤ አንተ ነህ የተውካት፣ ጣሪያዬ ላይ ስታፈጥ የከረምከው አንተ ነህ፣ ሊለው ነበር። የላኪው አፍ ብቻ እንደሚመልሳቸው ትዝ አለውና ምላሱን ነከሰ። ለኦቦ ዋጋሪ ቁጣ ኦሮምኛም አማርኛም አልበቃ አለ። ሽማግሌ ዕቃ ነው ወይ የሚመላለስ፤ የሰው ልጅ ደጅ ሁለት ጊዜ አስቁመኸን፤ የአባትህ አጥንት፤ ይህ ትምህርት የሚሉት ነገር። ከዘራቸው የዮሚፍን ትከሻ አንድ ጊዜ አገኘው፤ ዮሚፍ አልሸሸም። አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ እንግዲያው ወደ ቤት ንዳና ምሳ እንብላ አሉ። ኦቦ ዋጋሪ ግን ካፖርታቸውን ቆለፉ። ሰው ጠብቆን ከመንገድ አንመለስም አሉ፤ ከመንገድ የሚመለስ ሽማግሌ ሞት የሰማ ብቻ ነው። ገብተን ልጃችን አጥፍቷል ካላልን ይህ በራሳችን ላይ ያለው ሽበት ሳይሆን ኖራ ነው። ሳሩን ከእጃቸው ጥለው ወረዱ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ጆሯቸው የደከመው አዛውንት በደስታ ነው የሚራመዱት፤ የተለወጠውን ነገር የነገራቸው የለም።

ጋሩማና ዮሚፍ ባጃጁ ውስጥ ቀሩ። ጋሩማ የሚናገረው ብዙ ነበረው፤ ስለ አልጋው፣ ስለ ነጠላ ጫማው፣ አሁን ከተማው ሁሉ ሊሊሴን የተተወች ልጅ እንደሚላት። በጎን ሲያየው ግን ዮሚፍ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ከቶ፣ ውኃው ከፀጉሩ በአፍንጫው ላይ ሲወርድ እንኳ አይጠርገውም። የተለየችው ዛሬ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት ያለቀሰው ለካ ልምምድ ነበር። ጋሩማ ከወንበሩ ሥር መጥረጊያ ጨርቁን አወጣና ሰጠው፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። ዮሚፍ ፊቱን ጠረገበት።

ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌዎቹ ብቅ አሉ። ኦቦ ዋጋሪ ምንም አልተናገሩም፤ ወሬውን ያመጡት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው፣ ከንፈራቸው በአንጮቴው ቅቤ እያብለጨለጨ። ገብተው ተቀመጡ፤ ምግቡ ቀረበ፤ ከምግብ በኋላ ዋጋሪ ተነሥተው ልጃችን ሐሳቡን ለውጧል፣ ጥፋቱ የኛ ነው አሉ። ኦቦ በርናባስ አሰቡ፣ አሳላቸው፣ ከዚያ ምላሳቸው የለመደውን ተናገረ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጊዜ አይወሰንም፣ ተመካክራችሁ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ አሉ። ዋጋሪም ከልማድ የተነሣ እሺ እንመለሳለን ብለው ብድግ አሉ።

ጋሩማ ዓይኑን ጨፈነ። «ከዚያስ?» አለ እንደ ጨፈነ።

«ከዚያማ ልጅቱ» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «እጃችንን ልታስታጥበን ጆግ ይዛ ቆማለች። ጆጉን መሬት አስቀመጠችና፣ ‹አባ፣ ለመጠየቅ ሦስቴ ይመጣል። ለመተው ሦስቴ የሚመጣ ሽማግሌ ሰምተህ ታውቃለህ?› አለች።»

ማንም ሰምቶ አያውቅም። እርስ በርስ ተያዩ፤ ስንት ዓመት ሲሸመግሉ የኖሩ ሰዎች፣ ለዚህ የሚሆን ወግ አጡ። መጀመሪያ የሳቀችው እናቲቱ ናት፤ ከጓዳ። ከዚያ በቃ ተባለ፣ እጅ ታጥቦ ተወጣ። አቶ ሀብተጊዮርጊስን ያስገረማቸው ግን ሌላ ነው። «‹ተትቻለሁ አይደል? እንግዲያስ ተትቻለሁ› ብላ እንደ ምሥራች ነው ያወራችው። እንዲህ ደስ ብሏት የተተወች ልጅ አይቼ አላውቅም» አሉ። ጋሩማ ዮሚፍን አየው። ዮሚፍ መንገዱን ያያል።

ከኋላቸው የኦቦ በርናባስ በር እንደ ተከፈተ ነበር። ሊሊሴ አዛውንቱ የረሱትን ከዘራ ይዛ እስከ መታጠፊያው መጣች፤ በሁለት እጇ አቀበለቻቸውና ሌሎቹን ሽማግሌዎች እንዳየች፣ ዮሚፍንም አየችው። በአንገቷ ሰላም አለችው። ጋሩማንም እንዲሁ። ከዚያ ኩሬውን እየዘለለች ተመለሰች፤ ስትዘል ቀለል ብሏት ነው።

ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው አወረዷቸው። ኦቦ ዋጋሪ ሲወርዱ ለወንድማቸው ልጅ ደኅና እደር አላሉትም፤ ለጋሩማ ግን፣ አንተ ክፉ ልጅ አይደለህም አሉት፣ እንዴት እንደ ደረሱበት አይታወቅም። ባጃጅ ከምሽት በፊት መግባት አለበትና ጋሩማ ሞተሩን ሲያስነሣ፣ ዮሚፍ ከጎኑ ተነሣ። ወርዶ ዞረና ከኋላ፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀመጠ። የጋሩማ የግራ ክንድ ባዶ ቀረ፤ ያንን ሁሉ ቀን የተመኘው ባዶነት ነው፣ ቀዘቀዘው።

«ወዴት ነህ?» አለው፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

«ቤቴ» አለ። ከዚያ፣ ሸሚዝህን አጥቤ አመጣልሃለሁ አለ። ጋሩማ ተኩሰህ አምጣው አለው።

የገበያውን መንገድ አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ዮሚፍ ወደ ፊት ዘመም አለ። ጋሩማ ድምፁን ከመስማቱ በፊት አወቀው፤ ያች የሌሊቷ ድምፅ ናት።

«ያ ጋሩማ፣ በአንገቷ ሰላም ስትለኝ አየህ አይደል?»

ጋሩማ ቀና ብሎ በመስታወቱ አየው ብቻ፤ ከተላጨው አገጩ፣ ከረጠበው ኮሌታው ጋር፣ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጋሩማ አፍ ላይ የመጣችው ያች የለመዳት ቃል ነበረች፤ ዋጣት። ባጃጁ ዳገቱ ላይ እያቃሰተ ጥቂት ሄደ።

«እሺ» አለ ዮሚፍ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ። «ሰላምታ ነው። ሰላምታ ብቻ ነው።»